እትዬ ዘይነብን ጥያቸው ሮጥኩ

ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ለባለቤቴ አልነገርኩም፤ የንስሐ አባቴም አያውቁትም። እሳቸው ፊት ስቆም ሐሜቴን፣ ቁጣዬን፣ ጾም መሻሬን እናገራለሁ፤ ይህቺን ግን ዘልዬ አልፋታለሁ። ዛሬ ለእናንተ ልናገር። ዋሽቻለሁ። በእኔ ውሸት አንዲት እናት ቤታቸው ቀሩ።

እትዬ ዘይነብ ልደታ ኮንዶሚኒየም ከእኔ በላይ ባለው ወለል የሚኖሩ፣ ጌጃ ሰፈር ጨርቅ እየነገዱ ልጃቸውን ያሳደጉ የወሎ ሴት ነበሩ። ስኳር ነበረባቸው። ሐኪሙ በየቀኑ እንዲራመዱ ቢነግራቸውም፣ በዚያ ዕድሜያቸው ብቻቸውን መንገድ ላይ ወዲህ ወዲያ ማለት አሳፈራቸው። እኔ ደግሞ ሜክሲኮ አካባቢ ባለ መሥሪያ ቤት ቀኑን ሙሉ ተቀምጬ የምውል፣ ደረጃ ስወጣ የሚያለከልከኝ ሴት ነበርኩ። ጂም እመዘገባለሁ፤ ሳምንት ሳይሞላኝ እተወዋለሁ። አንድ ቀን ደረጃው ላይ ተቀምጬ ትንፋሼን ስሰበስብ አገኙኝና ሳቁ።

"አብሽሪ ልጄ" አሉኝ። "ጠዋት ከሱብሂ ሶላት በኋላ አንኳኳልሻለሁ። አብረን ከሄድን አንቺም አትሰንፊ፣ እኔም አላፍር።"

በማግስቱ አንኳኩ። እስከ ልደታ ቤተክርስቲያን ጥግ ብቻ ሄደን ተመለስን። እኔ ሜክሲኮ ካልደረስን ብዬ ነበር፤ እሳቸው ግን "ዛሬ ከበዛብሽ ነገ ትቀሪያለሽ" ብለው መለሱኝ። ብርድ ሲሆን፣ እንቅልፍ ሲያሸንፈኝ፣ በሩ ላይ ቆመው "ጫማሽን ብቻ አድርጊ፤ ካስጠላሽ ከግቢው በር እንመለሳለን" ይሉኛል። አንድም ቀን ከግቢው በር ተመልሰን አናውቅም። መንገዱን ቀስ በቀስ አስረዘምነው፤ በፍርድ ቤቱ በኩል፣ ከዚያም በባቡሩ ድልድይ ሥር እስከ ሜክሲኮ። ሰዎች ስፖርት ጀምሬ እንዴት እንዳልተውኩት ሲጠይቁኝ እስከ ዛሬ የምመልሰው የእሳቸውን ነው። ከትንሽ ጀምሩ፣ የሚጠብቃችሁ ሰው ይኑር እላለሁ። የሚጠብቀኝን ሰው ምን እንዳደረግኩት ግን አልናገርም።

ሰውነቴ ቀለለ። ቀሚሶቼ ሰፉኝ። ጠዋት ጠዋት የሚሮጡ የመሥሪያ ቤት ልጆች "ነይ ከእኛ ጋር" አሉኝ። ያን ጊዜ የእትዬ ዘይነብ እርምጃ ያሰለቸኝ ጀመር። በየመሀሉ ቆም ብለው እግራቸውን ሲያሳርፉ ሰዓቴን አያለሁ። አንድ ጠዋት ከሯጮቹ አንዷ በአጠገባችን ስታልፍ እጇን አውለበለበችልኝ፤ እኔ ያላየሁ መሰልኩ። በማን ነው ያፈርኩት? በእሳቸው? ከደረጃው ላይ ባነሱኝ ሴት?

እውነቱን ልነግራቸው እችል ነበር። ቅዳሜና እሑድ ከእርስዎ ጋር፣ ሌላውን ቀን ከልጆቹ ጋር ብላቸው ይስቁ ነበር እንጂ አይቀየሙኝም። እኔ ግን "ጉልበቴን አሞኛል፣ ሐኪም መራመድ ከልክሎኛል" አልኳቸው። ደነገጡ። ከሰዓት በኋላ የጥቁር አዝሙድ ዘይት ይዘው መጡና ሶፋዬ ላይ ተቀምጠው ጉልበቴን አሹልኝ። ደህናውን ጉልበቴን ዘርግቼ ሰጠኋቸው። "እዚህ ጋ ነው?" ሲሉኝ "አዎ" አልኩ።

"እስኪሻልሽ እኔም ልረፍ፤ አብረን እንጀምራለን" ብለው ወጡ።

በማግስቱ ሮጥኩ። ከዚያም በኋላ፣ እሳቸው ሶላት ላይ ሳሉ ኮቴዬን አጥፍቼ ደረጃውን እየወረድኩ፣ ሮጥኩ። እሳቸው ይጠብቁኛል፤ እኔ እሮጣለሁ። ወራት አለፉ።

አንድ ቀን ላቤን እየጠረግኩ ስመለስ ግቢው በር ላይ ዳቦ ገዝተው ሲገቡ ተገናኘን። ጫማዬን አዩ፤ ፊቴን አዩ። ገብቷቸው እንደሆነ እስከ ዛሬ አላውቅም።

"አልሐምዱሊላህ፣ ዳንሽልኝ!" አሉ።

"ዛሬ ገና ልሞክረው ብዬ ነው" አልኩ።

"እንግዲያው ነገ አንኳኳለሁ።"

አንኳኩ። ባለቤቴን እንዳይቀሰቅሱ ቀስ ብለው አንኳኩ። እኔ ጫማዬን አሥሬ ከበሩ ጀርባ ቆሜ ነበር። ትንፋሼን ውጬ እስኪሄዱ ጠበቅኩ። ከዚያ በኋላ አንኳኩተው አያውቁም።

መራመዱንም በዚያው ተዉት። ልጃቸው ሐያት ብቻቸውንም ቢሆን እንዲወጡ ብትለምናቸው እምቢ አሉ። ስኳሩ ከፍ አለ፤ እግራቸው ላይ የወጣች ቁስል አልድን ብላ እግራቸው ተቆረጠ። አብሬያቸው ብራመድ ይተርፉ ነበር? ሐኪም አይደለሁም፤ አላውቅም። አለማወቄን ግን መሸሸጊያ አላደርገውም። ማድረግ የነበረብኝ በር መክፈት ብቻ ነበር፤ አልከፈትኩም።

ሆስፒታል ልጠይቃቸው ሄድኩ። እጄን ያዙኝ። "ልጄ፣ በዝግታዬ አሰልችቼሽ ነበር መሰለኝ፤ አውፍ በይኝ" አሉኝ። ይቅር በይኝ ማለታቸው ነው። እኔን! ያን ጊዜ መናገር ነበረብኝ። ከአፌ የወጣው ግን "ኧረ እትዬ፣ ምን አድርገውኝ!" የሚል ነው። ከሆስፒታሉ በሕይወት አልወጡም።

ለቅሶው ላይ ሐያት አንገቴ ላይ ተጠምጥማ "እማዬን ከቤት ያወጣሽልኝ አንቺ ብቻ ነበርሽ" አለችኝ። አብሬያት አለቀስኩ። ምስጋናዋንም ተቀበልኩ።

ለእናንተ የምናገረው ከሐያት ይልቅ እናንተ ስለምትቀሉኝ ነው። ይቅርታ መጠየቅ ያለብኝ እሷን ነው። አሁንም እዚያው ከላያችን ትኖራለች። ዛሬ ጠዋት ደረጃው ላይ ተገናኝተን ስለ ልጆቼ ጠየቀችኝ፤ ደህና ናቸው ብያት አለፍኩ።