የማትታፈነው ክር

ደብረ ማርቆስ ውስጥ የሚያውቀኝ ሰው ሁሉ የሚያውቀኝ በጉሮሮዬ ነው። ሮክ የሚሉትን ነገር ካገራችን ዘፈን ጋር የምንቀላቅል ባንድ አለን፤ ድራም፣ ቤዝ፣ ኪቦርድ፣ ጊታርና እኔ። ሰርግ እንጫወታለን፣ ምረቃ እንጫወታለን፣ ሲደላን ደግሞ ስቱዲዮ ገብተን እንቀርጻለን። በተቀረጹት ዘፈኖች በአብዛኞቹ ላይ የሚሰማውን ጊታር የምመታው እኔ መሆኔን ግን ከባንዱ ልጆችና ከቀራጩ በቀር የሚያውቅ አልነበረም።

ምስጢር ሆኖ አይደለም። መድረክ ላይ ጊታር መያዝ አልችልም። እኛ አገር ሰርግ ላይ ዘፋኝ ከመድረክ ወርዳ ከሙሽራው አጎቶች ጋር እስክስታ ካልገጠመች ዘፈነች አይባልም። አንድ ጊዜ ጊታሩን እንዳነገትሁ ወርጄ፣ የገጠሙኝ ሽማግሌ ደረታቸውን በጊታሩ አንገት ተመቱና "ልጄ፣ ይኼን እርፍ አስቀምጠሽው ነይ" አሉኝ። አስቀመጥሁት። ከዚያ ወዲህ መድረክ ላይ የሚመታው ጊታሪስታችን ነው፤ ረጅም፣ ዓይናፋር፣ ሲስቅ እንኳ አፉን በእጁ የሚሸፍን ልጅ።

የጊታር አመታቴ የአባቴ ነው። አባባ ከአማኑኤል ከተማ ዳር የሚኖሩ ገበሬ ናቸው፤ ክራር ይመታሉ። በእሳቸው አመታት ቀኝ እጅ ክሮቹን ሁሉ ባንድ ላይ ይገርፋል፤ የግራ እጅ ጣቶች ደግሞ የማይፈለገውን ክር እየነኩ ያፍኑታል። ያልታፈነው ይዘፍናል። ለወንድሞቼ ሊያስተምሩ ሞክረው ተስፋ ቆርጠዋል። እኔን ያስተማረኝ የለም፤ ሲመቱ አጠገባቸው ቁጭ ብዬ እጃቸውን አያለሁ፣ ማሳ ሲወርዱ ክራሩን ከግድግዳ አውርጄ እሞክራለሁ።

አድጌ ጊታር ሳገኝ እንደ ሰው አንገቱን ጨብጦ መጫን አልሆነልኝም። ጭኔ ላይ አጋድሜ፣ ክሮቹን እንደ ክራር ቃኝቼ፣ በአባባ መንገድ እያፈንሁ መታሁት። ድምፁን በማጉያ አሻክረን ስንሰማው ቀራጩ ከወንበሩ ብድግ አለ። በዚያው አመታት አንድ ዘፈን ቀረጽን።

ለዘፈኑ ክሊፕ ሲሠራለት ዳይሬክተሩ ማን ምን እንደመታ አልጠየቀም። ጊታሩን ለጊታሪስቱ አስታቀፈው፤ እኔን የአገር ልብስ አልብሶ አደይ አበባ መሀል አስጨፈረኝ። ጣጣው የመጣው ታላቅ ወንድሜ ክሊፑን በስልኩ ለአባባ ያሳያቸው ጊዜ ነው። በማግስቱ ልጠይቃቸው ብሄድ ስለ ድምፄ አንድ ቃል አልተነፈሱም።

"ያ ረጅሙ ልጅ የማን ልጅ ነው?" አሉኝ።

"የባንዳችን ጊታሪስት ነው። ምነው?"

"ክራር የት ተማረ? እጁ እኮ የኔ እጅ ነው።"

"አባባ፣ እሱ አይደለም። የመታሁት እኔ ነኝ።"

ሳቁብኝ። "አንቺማ ስትጨፍሪ አየሁሽ። በሁለት እጅሽ ቀሚስሽን ይዘሽ በምንሽ መታሽው?"

ድምፁ ቀድሞ እንደሚቀረጽ፣ ምስሉ በኋላ እንደሚነሣ ባስረዳ ባስረዳ አልሰሙኝም። ከዚያ ሳቃቸው ቆመ። "ድምፅሽ የእናትሽ ነው፤ ነፍሷን ይማርና። ወንድሞችሽ ጆሮ የላቸው። እጄ ከኔ ጋር መቃብር የሚወርድ መስሎኝ ነበር። በይ ያን ልጅ አምጪልኝ፤ ክራሩን ለሱ ነው የምሰጠው።"

ተናደድሁ፤ ቀናሁም። ያን ክራር ከልጅነቴ ጀምሮ ስመኘው ኖሬአለሁ። ከክራሩ ይልቅ የከፋኝ ግን ሌላ ነው። አባቴን ደስ ያሰኘው እጅ የኔ ሆኖ ሳለ የተመሰገነው ሌላ ሰው ነው።

ስለዚህ በራሱ አፍ እንዲነግራቸው ጊታሪስቱን ይዤው ሄድሁ። አባባ ነጭ ጋቢ ለብሰው፣ ጎረቤት ጠርተው፣ ጠላ አስቀድተው ጠበቁን። ክራሩ በአዲስ ነጠላ ተጠቅልሎ መደቡ ላይ ተቀምጧል።

"እስቲ ምታልን" አሉት።

"አባቴ፣ እኔ አልችልም።"

አባባ ጎረቤቶቻቸውን ኮራ ብለው አዩ። "አያችሁ ጨዋ ልጅ?"

"እውነቴን ነው። ያ ጊታር የሷ ነው እንጂ የኔ አይደለም።"

"ምስጋናውን ደግሞ ለልጄ ይሰጣል። እንዴት ያለ አስተዳደግ ነው!"

እኛ ዘንድ እንግዳ ብላ ሲሉት በልቻለሁ ይላል፤ ከፍ ብለህ ተቀመጥ ሲሉት እዚሁ ይሻለኛል ይላል። ምስኪኑ በካደ ቁጥር ጨዋነቱ እየጨመረ ሄደ። በማርያም ስም ሲምልማ አንዲት ጎረቤት የወለደችውን እናት መረቁለት። ላብ በላብ ሆኖ ወደኔ ዞረ።

ማንንም ሳላስፈቅድ ነጠላውን ፈትቼ ክራሩን አወጣሁና የዘፈኑን መግቢያ መታሁ።

አባባ መጀመሪያ እንደ ልጅ ጨዋታ እያዩኝ ፈገግ አሉ። ጥቂት ቆይተው ፈገግታው ጠፋ፤ ጎንበስ ብለው ጆሮአቸውን አስጠጉ።

"ቆይ እስቲ። ያቺን የመሀለኛዋን ክር ለምን አታፍኛትም?"

የአባባን የግራ እጅ የቀለበት ጣት በጎረምሳነታቸው ማጭድ ጅማቱን ቆርጦት ነበር። ከዚያ ወዲህ ጣቱ ደርቆ ቀጥ እንዳለ ነው፤ ክሩ ላይ አይደርስም። እሳቸው ሲመቱ ያቺ ክር መታፈን ባለባት ቦታ ሁሉ ትጮኻለች። በቅጂአችንም ትጮኻለች። ጊታሪስታችን ያቺን ጩኸት መድረክ ላይ ለማምጣት ስንት ለፍቶ አልሆነለትም፤ ጣቶቹ ሁሉ ጤነኞች ናቸው።

"እርስዎ አፍነዋት ያውቃሉ?" አልኋቸው።

የራሳቸውን እጅ አዩ፤ ከዚያ የኔን። የኔም የቀለበት ጣት ቀጥ ብሎ ቆሟል። ልጅ ሆኜ ሳያቸው ክራር እንደዚያ የሚመታ መስሎኝ ነው የያዝሁት። ጣቴን ያዙና እንደ ወጌሻ አጠፉት፣ ዘረጉት፣ ደግመው አጠፉት።

"ጤነኛ ነው እኮ" አሉ። ዓይናቸው እንባ ሞላ፤ ወዲያው ደግሞ በሳቅ ፈነዱ፤ ቤቱም አብሯቸው ሳቀ። የዚያን ቀን የተሰማኝን ደስታ በየትኛውም መድረክ ላይ አላገኘሁትም።

ክራሩን ግን አልሰጡኝም። በጎረቤት ፊት ለእንግዳ የተባለ ነገር አይታጠፍም ብለው ለጊታሪስቱ አስታቀፉት። ባኮርፍ "አንቺ ምን ያደርግልሻል? እጄን ወስደሽ የለም እንዴ?" አሉኝ። እሱም አሁን የቀለበት ጣቱን በፕላስተር ከስንጥር ጋር አስሮ ይለማመዳል፤ ገና ነው።

አባባም ስልክ ገዝተዋል። ክሊፑን ይከፍቱና ስክሪኑን በመዳፋቸው ሸፍነው መግቢያውን ይሰማሉ። ድምፄ ሲገባ ያቋርጡትና ከመጀመሪያው ይጀምሩታል። ምን እየሰሙ ነው ብሎ የሚጠይቅ ጎረቤት ሲመጣ "ልጄን" ይላሉ።