እሺ ያለችው ተደራዳሪ

የኮርስ አስተባባሪነት የመጀመሪያ ቀኔ ያለፈው ደህና ወንበር በመፈለግ ነው። ኮርሱ «የዲፕሎማሲ መግቢያ» ይባላል፤ ንድፈ ሐሳቡን እኛ መምህራን፣ ሥራውን ደግሞ ከአዲስ አበባ የሚጋበዙ ዲፕሎማቶች ያስተምሩታል። የትምህርት ክፍል ኃላፊያችን፣ «አምባሳደር ቡታጅራ ድረስ መጥተው የሚንቋቋ ወንበር ላይ ቢቀመጡ ተጠያቂው አንተ ነህ» አሉኝ። ከዲኑ ቢሮ አንድ ወንበር ወሰድኩ።

አምባሳደሯ ግን አልፈለጉትም። ጡረታ የወጡ፣ ቀጠን ያሉ ሴት ናቸው። ከተማሪዎቹ ጋር አግዳሚ ላይ ተቀመጡና፣ «እኔ የላይኛው አገር ነኝ፤ እናንተ ከታች ናችሁ፤ ወንዛችን አንድ ነው። ማን ይደራደረኛል?» አሉ። እንዲህ ያለ አስተማሪ አይቼ አላውቅም።

ክፍሉ ሙናን አስነሳ። ሙና የመስቃን ልጅ ናት፤ አባቷ ቡታጅራ ገበያ በርበሬ ይነግዳሉ። አምባሳደሯ በለሰለሰ ድምፅ ብዙ አወሩና፣ «እንግዲህ ግድቡን እኛ እንሠራለን፤ ውሃውንም በፈለግነው ጊዜ እንለቃለን» አሉ።

«እሺ፣ እትዬ» አለች ሙና።

«ተስማማን!» አሉ አምባሳደሯ እጃቸውን ዘርግተው። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ።

«ኧረ አልተስማማሁም! ትልቅ ሰው ሲናገር እሺ ካልተባለ ምን ይባላል?»

«የተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ ነዋ፣ ልጄ። ውሃሽ ሄደ።»

ከክፍል እንደወጣን ሙና ተከተለችኝ። «መምህር፣ ኮርሱን ድሮፕ አድርጌ ልወጣ ነው። ድሮም በአማርኛዬ ይስቃሉ፤ አሁን ደግሞ ‹እሺ› የሚል ስም አወጡልኝ።» በሚቀጥለው ሳምንት አማርኛ የሚችሉ አንድ የውጭ አገር ዲፕሎማት ሊመጡ ነው፤ ከእሳቸው ጋር እንድትደራደር የተመደበችው እሷ ነበረች። አንጀቴን በላችው። መኪናቸው ሊገቡ ለነበሩት አምባሳደር ነገርኳቸው። ቦርሳቸውን አስቀምጠው ተመለሱ።

«አባትሽ ገዢ ዋጋ ሲጠራ እሺ ይላሉ?» ብለው ጠየቋት።

«በጭራሽ! ‹ሰማሁ› ብለው ዝም ነው።»

«ይቆጡታል?»

«ኧረ! ሻይ ያዙለታል እንጂ።»

«በይ፣ አንቺም እንደሳቸው።»

ሰው ወድቆ እንዳይቀር እንዲህ የሚመለስ ባለሙያ ያስቀናል።

በሳምንቱ ሙና ቀረበች። ዲፕሎማቱ ሽበታም፣ አንደበተ ርቱዕ ሰው ናቸው። ያንኑ የግድብ ሐሳብ አቅርበው፣ «ተስማማን?» አሏት።

ብድግ ብላ፣ «ሰምቻለሁ፣ ጋሼ» አለች።

«ስለዚህ እሺ ነው?»

«ሰምቻለሁ፣ አላህ ያክብርዎት። ውሃው የሚለቀቅበትን ጊዜ አብረን ካልወሰንን ግን አልፈርምም።»

የሳቀ የለም። ዲፕሎማቱ ወረቀታቸውን ሰብስበው፣ «ባዶ እጄን ሰደደችኝ» አሉኝ፤ ፊታቸው ግን ፈክቶ ነበር። ሙናም ድሮፕ የሚለውን ቃል ዳግም አላነሳችም።

ማክበርና መስማማት ሁለት ነገር ናቸው። ይህን የለየ ተማሪ ለድርድር ይበቃል።