ለኋላ ወንበር ብቻ የተሠራ ቅዝቃዜ

ይህን ባስታወስሁ ቁጥር ዛሬም ደሜ ይፈላል።

ያኔ ወረታ ላይ የአንድ ባላባት ሾፌር ነበርሁ። መኪናቸው ሰፊ የአሜሪካ መኪና ነበረች፤ ማቀዝቀዣ አላት፤ ቅዝቃዜው ግን ለኋላ ወንበር ነው። ሞተሩ ቺንጊያ በሚሉት የጎማ ቀበቶ የማቀዝቀዣውን መጭመቂያ ያዞራል፤ መጭመቂያው የሚያቀዘቅዘውን ጋዝ በቱቦ ከኋላ የዕቃ መጫኛው ውስጥ ወዳለው ሣጥን ይልካል። እዚያ ማራገቢያው ሙቁን አየር ስቦ በቀዘቀዙት ቱቦዎች መሐል ያሳልፍና ከጌታዬ ማጅራት ጀርባ ይለቀዋል። የማራገቢያው መክፈቻ በኔ እጅ ነው፤ ዝቅ አድርጌ እንድከፍተው ስለታዘዝሁ ግን ነፋሱ ከሳቸው አያልፍም። እኔ ከሞተሩ ጋር እቀቀላለሁ።

አንድ የሚያዝያ ቀን ወደ ጎንደር ስንሄድ የፎገራ ሜዳ ይነድዳል።

“ጌታዬ፣ ሞተሩ እየጋለ ነው። ማቀዝቀዣውን ላጥፋው?”

“አንተ ዝም ብለህ ንዳ!”

ብዙም ሳንርቅ ራዲያተሩ ፈልቶ ቆምን። የያዝሁት ውሃ አልበቃም። ከመንገዱ ዳር ካለች ጎጆ አንዲት ሸክላ ሠሪ እንስራ ሙሉ ውሃ ይዛልን ወጣች፤ ከሩቅ ወንዝ የቀዳችው ነው። ሞተሩ በረድ እስኪል ጠብቄ ግማሹን እንደጨመርሁ፣

“ወንድሜ፣ ልጄን ትኩሳት ሊገድላት ነው። እግረ መንገዳችሁን አዲስ ዘመን ከተማ ሐኪም ቤት አድርሱልኝ” አለችኝ።

“ቡዳ መኪናዬ ውስጥ አይገባም!” አሉ ጌታዬ ከውስጥ።

ውሃዋን ሲፈልጉ ቡዳነቷ ትዝ አላላቸውም! እንስራውን መሬት አስቀመጥሁት።

“ውሃው የሷ ነው። እነሱ ካልገቡ እመልስላታለሁ፤ እርስዎም በእግርዎ ይሂዱ።”

ጌታዬ ጥላ የሌለውን ሜዳ አዩት።

“ከፊት ይቀመጡ! ወደኔ እንዳይዞሩ!”

የቀረውን ውሃ ጨመርሁ፤ እናትየዋ ልጇን ታቅፋ አጠገቤ ተቀመጠች። የልጅቱ እግር ክንዴን ሲነካኝ እሳት ነው። ማራገቢያውን እስከ መጨረሻው ከፈትሁት። ነፋሱ የጌታዬን ትከሻ አልፎ እኛ ዘንድ ደረሰ፤ ልጅቱ ፊቷን ወደሱ አዞረች።

“ቀንሰው! በረደኝ!”

“አልቀንስም” አልኋቸው። ጋቢያቸውን እስከ አፍንጫቸው ተከናነቡ።

አዲስ ዘመን ደርሰን ልጅቱን ሐኪም ቤት አስገብቼ ስወጣ፣ ጌታዬ ቁልፉን ተቀብለው እናትየዋ እየሰማች እዚያው አባረሩኝ። ወረታ ድረስ በእግሬ ስመለስ መንገዱን ሙሉ ብቻዬን ስሳደብ ነበር።

ከወር በኋላ እናትየዋን ገበያ ላይ አገኘኋት። ልጅቱ ድናለች። ደስ ብሎኝ ሳልጨርስ፣

“አንተስ? ሥራ አገኘህ?” ብላ ጠየቀችኝ።