የሙሽራዋ ጭርት

እኔ ሰው ቶሎ አላምንም። ደብረ ታቦር ላቦራቶሪ ውስጥ ይህን ያህል ዘመን የቆየሁትም ለዚህ ሳይሆን አይቀርም። በሽተኛው «ትናንት ነው የጀመረኝ» ቢለኝም በማይክሮስኮፕ ሳላይ አልቀበለውም። ስለዚህ ከአረብ አገር የተመለሰችው የእህቴ ልጅ ሠርጓ ሲቃረብ ክንዷና አንገቷ ላይ ክብ ክብ ቁስል ሲወጣባት፣ መጀመሪያ የጠረጠርኩት አማቷ ሊሆኑ የተቃረቡትን ሴትዮ ነበር።

ሴትዮዋ ከገሳይ ወዲያ ካለ ገጠር ናቸው። ልጃቸው ከውጭ የመጣች ሴት ማጨቱን ከልባቸው አልወደዱትም፤ እሺ ያሉት ይሉኝታ ይዟቸው ነው። ቃል የታሰረ ለት አንዲት ጥጃ አስነድተው መጡና፣ «እንድትለምድሽ ከእጅሽ ጨው አልሻት፣ አንገቷን አቅፈሽ ደባብሻት» ብለው አስረከቧት። ጥጃዋ ዓይኗ ዙሪያ አመድ የተነሰነሰባት ትመስል ነበር። ግንድ ስትታከክ ተልጣ ነው አሉ። የተሰጠ ነገር መመርመር ነውር ሆኖብን ዝም አልን። ልጅቱም እንደታዘዘችው ጧት ማታ ስታቅፋት ከረመች።

ቁስሉ ሲወጣ ታዲያ አረብ አገር የሚይዝ በሽታ ነው ብለው ያስወሩት እሳቸው ናቸው። ሽማግሌ ልከው እስኪሻላት ሠርጉ ይቆይ አስባሉ። ይቆይ ማለት ይቅር ማለት እንደሆነ እህቴም እኔም አላጣነውም። ጌሾው ተወቅጧል፣ ድንኳኑ ተነግሯል፤ ከሁሉ በላይ ልጅቱ ልጁን ትወደዋለች። በሻሽ ተሸፋፍና ቤት መዋል ጀመረች።

ወደ ላቦራቶሪ ወሰድኳት። ሴትዮዋም በዓይኔ ካላየሁ ብለው ተከትለውን መጡ። ውጤት እንዳልለውጥ ፈርተው ነው። አልፈረድኩባቸውም፤ በእሳቸው ቦታ ብሆን እኔም እመጣ ነበር።

ፈንገስ መሃሉን እየተወ ወደ ዳር ስለሚሰፋ፣ ከቁስሉ ጠርዝ ላይ ቅርፊት ፋቅሁ። ቆዳውን የሚያሟሟ ጠብታ ጨምሬ ጠበቅሁና ወደ ማይክሮስኮፑ ጎንበስ አልኩ። ሃይፋ የምንላቸው ቀጫጭን ክሮች ቅርንጫፍ እያወጡ ተዘርግተዋል። አንዳንዱ ክር ተቆራርጦ እንደ መቁጠሪያ የተደረደሩ ስፖሮች ሆኗል።

ጭርት ነው፣ በቅባት ይድናል አልኳቸው። ስላላመኑኝ ማስረዳት ያዝኩ። የሊጥ እርሾም ፈንገስ ነው፤ እሱ ግን በአንድ በአንድ ሕዋስ የሚኖር፣ ከጎኑ እያጎነቆለ የሚበዛ ነው። ይህኛው እንደ እንጀራ ሻጋታ ክር እየዘረጋ ይሄዳል። ስፖሩ እንደ ዘር ነው፤ ገመድ ላይም፣ የበረት ግንድ ላይም ደርቆ ይቆይና ቆዳ ሲያገኝ እንደገና ክር ያወጣል።

«ዘሩማ ከየት መጣ?» አሉኝ። «ከአረብ አገር አይደለም ትይኛለሽ?»

ክሩን አይቼ ጭርት ነው ማለት እችላለሁ፣ ከየት እንደመጣ ግን ክሩ ብቻውን አይነግረኝም። እስቲ ራስዎ ይዩት ብዬ ወንበሩን ለቀቅሁላቸው። ጎንበስ ሲሉ እጅጌያቸው ወደ ላይ ሸሸና፣ ከእጃቸው አንጓ በላይ ያ ክብ ቁስል ብቅ አለ።

እሳት ነው ያቃጠለኝ አሉ። እስቲ ልየው ብዬ ሳያቅማሙ በፊት ፋቅሁት። ያው ክር፣ ያው መቁጠሪያ። ጥጃዋ ዓይን ዙሪያ የነበረው አመድ ትዝ አለኝና፣ ላሟ ስትታለብ ጥጃዋን የሚይዛት ማን ነበር ብዬ ጠየቅኳቸው። እኔ ነኝ አሉ፣ አንገቷን አቅፌ። እያወቁ ሰጥተዋት ይሁን ሳያውቁ፣ እስከ ዛሬ ልቤ አልቆረጠም።

እጅጌያቸውን ወደ ታች ሳብ አደረጉ። ከዚያ ምንም እንዳልተፈጠረ ሁሉ፣ ተራ ጭርት ከሆነማ ሠርጉ በቀኑ ይሁን አሉ።

የእህቴ ልጅ እስከዚያ ድረስ ከበሩ አጠገብ ቁጭ ብላ ነበር። ተነሥታ ሻሿን ከአንገቷ ላይ ፈታችና አጣጥፋ ያዘችው።

«አይሆንም እማማ» አለች። «አንቱ እስኪሻልዎ ሠርጉ ይቆይ።»

ሴትዮዋ ተይ እንድላት ዞር ብለው አዩኝ። እኔ በሩን ከፍቼ ቀጣዩን በሽተኛ ጠራሁ።