በር ላይ ነኝ

ነፍሳቸውን ይማርና፣ አጎቴ እዚህ ሐረር የእንግሊዝኛ መምህር ነበሩ። ጡረታ ቢወጡም እርማት አልተዉም። ስምንተኛ ክፍል ሳለሁ በር ላይ ነኝ ለማለት ደብተሬ ላይ “አይ አም ኦን ዘ ጌት” ብዬ ጽፌ አዩና፣ እጄን ይዘው ወደ ጀጎል ግንብ ወሰዱኝ።

“ይኸውልሽ፣ ከግንቡ ውስጥ ከሆንሽ ‘ኢን’ ነው። ግንቡ አናት ላይ ከወጣሽ ‘ኦን’ ነው። በሩ ጋ ከቆምሽ ግን ‘አት’ ነው። አንቺ በሩ ላይ ምን ልትሠሪ ወጣሽ?” አሉኝ። እዚያ ኦቾሎኒ የሚሸጡት ሴቶች ሳቁብኝ።

ከዚያ ወዲህ አቦከር ያለው ቤታቸው ደርሼ በስልክ “ጋሼ፣ በር ላይ ነኝ” ባልኳቸው ቁጥር መልሳቸው አንድ ነበር።

“ውረጂና ግቢ!”

“ኧረ ጋሼ፣ አማርኛ እኮ ነው የማወራው!”

“አማርኛሽን ማን ነካው? እንግሊዝኛሽ እንዳይበላሽ ብዬ ነው።”

ከልቤ የተናደድኩባቸው ቀንም ነበር። አንዴ ዝናብ እየደበደበኝ እንኳ “አት” እስክል አልከፈቱልኝም።

ባለፈው እሑድ፣ ከአርባቸው በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ሄድኩ። እንደለመድኩት የሳቸውን ቁጥር ደወልኩ። ያነሱት ባለቤታቸው ናቸው።

“የት ደረስሽ ልጄ?”

“በር ላይ ነኝ።”

“መጣሁ፣ መጣሁ” ብለው ወዲያው ከፈቱልኝ።

ገባሁ፤ ተቀመጥኩም። ውረጂ ያለኝ ግን ስለሌለ፣ እስካሁን በሩ ላይ ነኝ።