ራፐሩ ጀፎረው ላይ የሞተ ዕለት

ባለፈው ሰሞን ከቡታጅራ ወደ ጉብሬ ስሄድ የአውቶቡሱ ረዳት ከሾፌሩ በላይ የተሰቀለችውን ትንሽ ቴሌቪዥን ከፈተና የቆየ የአማርኛ ፊልም ለቀቀብን። እኔ መኪና ላይ ፊልም አልወድም። ሰው መንገዱንም ሳያይ፣ ፊልሙንም በቅጡ ሳይሰማ ይደርሳል። ፊቴን ወደ መስኮቱ አዙሬ እንሰቱን እያየሁ ሳለ የማውቀው ድምፅ ሰማሁና ቀና አልኩ። ተዋናዩ ዴምስ ነው፤ ያን ጊዜ ፀጉሩን ሹሩባ የተሠራው ዴምስ።

አጠገቤ የተቀመጠችው ሴትዮ ጭኗ ላይ በኮባ የተጠቀለለ ቆጮ ይዛለች። «አሁን ሊሞት ነው» አለችኝ፣ ዓይኗን ሳትነቅል። «ከዚያ በኋላ የምትመጣዋን እናት ነው ማየት።»

እኔም ከዚያ ወዲያ ወደ መስኮቱ አልዞርኩም።

ዴምስን አገር የሚያውቀው በፊልም ነው። እኔ የማውቀው ደምሴ ግን ራፐር ነበር። ያኔ ወልቂጤ ውስጥ ቪሲዲ የማከራይባት ጠባብ ሱቅ ነበረችኝ፤ ከጓዳዋ አሮጌ ኪቦርድ ነበር። እኔ ምቱን አስነሳለሁ፣ እሱ ቃሉን ያዘንበዋል። ለከተማው ትልልቅ ሰዎች ራፕ ማለት ዜማ የጎደለው ጠብ ነበር። ከሁሉ የባሱት እናቱ እትዬ ብርቄ ናቸው። ጉብሬ ገበያ ቆጮ እየሸጡ ብቻቸውን ነው ያሳደጉት። ዘፈኑ በሬዲዮ ሲመጣ ተነስተው ያጠፉታል፤ በዓይኔ አይቻለሁ። «ምንድን ነው የምትለፈልፈው? ሰው ለፍልፎ ይበላል?» ይሉታል። እሱ ይስቃል። ከሱቄ ሲደርስ ግን ሳቁ የለም። «አንድ ቀን እስከ መጨረሻው ብትሰማኝ» ይለኝ ነበር።

ክረምቱ ሊገባ ሲል አንድ የፊልም ዳይሬክተር ከአዲስ አበባ መጣ። ከተማ ገብቶ ሬሳው ለእናቱ የሚመለስ ራፐር ሆኖ የሚተውን ልጅ ይፈልጋል። ደምሴን መረጠው። እትዬ ብርቄ በዚያ ሰሞን ደም ግፊታቸው ተነስቶ አታት ሆስፒታል ተኝተው ነበር። ሐኪሙ ድንጋጤ እንዳይነካቸው ብሎ አስጠንቅቋል።

«አልነገርካቸውም?» አልኩት።

«የታመመች እናት ፊት ቆሜ፣ እማ ነገ ሞቼ ሊለቀስልኝ ነው ልበላት? ሟርት ነው እኮ። ሲሻላት እነግራታለሁ።»

እውነቱን ነው አልኩ። ማንም ቢሆን እንዲያ ይላል።

የለቅሶው ትዕይንት የሚቀረጸው እዚያው ከጉብሬ ትንሽ ገባ ብሎ ባለው በራሱ ሰፈር ነበር፤ ጀፎረው ላይ፣ በጎጆዎቹ መካከል በተንጣለለው ሰፊ የሣር መንገድ። ደምሴን ቃሬዛ ላይ አስተኝተው በነጭ ጨርቅ ሸፈኑት። የሰፈሩ ሴቶች ለማልቀስ ተሰለፉ። አባባ ነስሩ የሚባሉ ገበሬ ብቻ ፊታቸው ጠቆረ።

«ልጄ» አሉት ዳይሬክተሩን፣ «እዚህ አገር እሪ ከተባለ የሰማ ሁሉ ሥራውን ጥሎ ነው የሚመጣው። የውሸት ነው ብለህ ለማን ለማን ትነግራለህ?»

«ይምጡ አባባ፣ ሰው ሲበዛ ያምራል።»

እሪታው ተነሳ። ብዙም ሳይቆይ ሰው ከየአቅጣጫው ይጎርፍ ጀመር። ከእንሰት ማሳው ጭቃ እግሩን ይዞ የመጣ አለ፣ ገበያ ቀን ስለነበረ ዕቃዋን ሜዳ ላይ ጥላ ደረቷን እየደቃች የመጣች አለች። ዳይሬክተሩ ደስታውን አልቻለውም። እኔም መጀመሪያ ገርሞኝ ቆሜ አያለሁ። አንድ ሰውዬ እጄን ይዞ «በምን ሞተ?» አለኝ።

«ማን?»

«የብርቄ ልጅ ነዋ። መንገድ ላይ ያልሰማ የለም።»

ክው አልኩ። በመንገዱ ላይ ወደ አታት የሚሄድ ሚኒባስ አይጠፋም። ወሬው ተሳፍሮ ሄዷል ማለት ነው። ወደ አስፋልቱ ሮጥኩና ያገኘሁት ባጃጅ ውስጥ ገባሁ።

«አታት! የሰው ነፍስ ነው፣ ንዳው!»

«ኢንሻአላህ እንደርሳለን» አለ ባለባጃጁ። ዝናቡ ጀመረ። ዳገቱ ላይ ባጃጁ እያለከለከ ሲንፏቀቅ ወርጄ ልግፋው ምንም አልቀረኝም። በልቤ አንድ ነገር ብቻ ነው የምለው፦ ሳይሰሙ ልድረስ።

አልደረስኩም። አልጋቸው ባዶ ነበር፣ ብርድ ልብሱ መሬት ወድቋል። «አሁን ወጡ» አለችኝ ነርሷ። «ሽማግሌዎች መጥተው፣ ልጅዎን ትንሽ አሞታልና ቤት ይፈልጉዎታል አሏቸው። ብንለምናቸው ማን ሰማን።»

ትንሽ አሞታል። እኛ ዘንድ ለእናት ሞተ ብሎ በአፉ የሚናገር የለም። ሽማግሌ ተሰብስቦ አሞታል ካለ ግን ያለቀ ነገር ነው፤ እሳቸውም ይህንን ከማንም በላይ ያውቃሉ።

ስንመለስ ባጃጁ ከመታጠፊያው ጭቃ ውስጥ ቀረ። በእግሬ ሮጥኩ። ስደርስ ቀረጻው ገና አላለቀም፤ ሕዝቡ ግራና ቀኝ ተከፍሎላቸው እትዬ ብርቄ በነጠላቸው ወገባቸውን አስረው ወደ ቃሬዛው እየሄዱ ነበር። ጮህኩ። በዚያ ሁሉ ለቅሶ ውስጥ ማን ይሰማኛል! ደመወዝ ተከፍሏቸው የሚያለቅሱት ሴቶች ሲያዩአቸው አንድ በአንድ ዝም አሉ። ዳይሬክተሩ ማን እንደሆኑ አላወቀም። ካሜራው እንዳይቆም በእጁ አመለከተ።

እትዬ ብርቄ አልጮኹም። ከቃሬዛው አጠገብ ቆመው፣ ደረታቸውን በቀስታ እየመቱ፣ ሟች በሚወደስበት ድምፅ ጀመሩ፦

«እናቴ ጉብሬ ላይ ቆጮ ስትሸጥ ውላ፣
እኔም ቃል እሸጣለሁ ገበያው ሳይሞላ።»

ባለሁበት ደረቅኩ። የደምሴ ግጥም ነው። ሬዲዮ የሚያጠፉበት ግጥም። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው፣ አንድ ቃል ሳይስቱ፣ እኔ ኪቦርድ ላይ የማቆምበት ቦታ ላይ እያቆሙ አወረዱት። ሲጨርሱ ከራሳቸው ጨመሩ፦ «ልጄ፣ ገበያው ሳይሞላ ወዴት?»

ጨርቁ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ደምሴ ከታች እያለቀሰ ነው። ተነሳና «እማ፣ አለሁ» አለ።

አዩት። በጥፊ አጮሉት። ከዚያ ሣሩ ላይ ቁጭ አሉና መነሳት አቃታቸው። ተሸክመን ወደ አታት መለስናቸው፣ እስኪነጋ ደጃፍ ላይ ተቀምጠን ጠበቅን። እግዜር ይመስገን ተረፉ።

ፊልሙ ውስጥ የእሳቸው ለቅሶ እንዳለ ገብቷል፤ ከመነሳቱና ከጥፊው በፊት ተቆርጧል። ደምሴ በዚያ ፊልም ታወቀ፣ ሌላም ሌላም ሠራ፤ ራፑን ግን ተወው። «ማይክ ስይዝ የእሷ ድምፅ ይቀድመኛል» አለኝ። አንድ የመስቀል በዓል ላይ ክትፎ እየበላን ሳለ ደፍሮ «እማ፣ ግጥሜን መቼ ያዝሽው?» ብሎ ጠየቃቸው። እትዬ ብርቄ ፊታቸውን አዞሩ። «ያኔ ያልኩት የሞትክ መስሎኝ ነው» አሉት። ከዚያ በኋላ ግጥሙን ዳግመኛ ከአፋቸው አልሰማውም።

አውቶቡሱ ውስጥ አጠገቤ ያለችው ሴትዮ ዓይኗን ጠረገች። «ይቺን ተዋናይት ሌላ ፊልም ላይ አይቻት አላውቅም። የት ገባች?»

«እናቱ ናቸው» አልኳት። «የምሄደው ለቅሷቸው ላይ ልደርስ ነው።»

ሴትዮዋ ዞራ አየችኝና «ታዲያ ዛሬ የማልቀሱ ተራ የልጁ ነው» አለች።

ጉብሬ ወረድኩ። ወደ ጀፎረው ከመታጠፌ በፊት ስልኬን አወጣሁ። ሆሳዕና የሚማር ልጅ አለኝ። ግጥም እየደረደረ በስልክ ይቀርጻል ይሉኛል። አንድም ቀን አድምጬው አላውቅም፤ ትምህርትህን ተማር ነው የምለው። ደወልኩለት።

«ያን የምትሠራውን ነገር ላክልኝ እስቲ፣ ልስማው» አልኩት።

ድምፁን ዝቅ አድርጎ «አባዬ» አለኝ፣ «ምነው፣ አሞሃል እንዴ?»