የእብነ በረድ ትውልድ

አፌን በካፋ ቋንቋ በካፊኖኖ ፈትቼ አማርኛን ከመጻሕፍት የተማርኩ ሰው ነኝ። ከስድስተኛ ክፍል ወዲህ መምህሬ መዝገበ ቃላት ነው። የቃሉን ሥር ያወቀ ነገሩን ያወቀ ይመስለኝ ስለነበር፣ ቦንጋ ባለችው የግንባታ ዕቃ ሱቄ ሚስማር ሊገዛ የመጣውን ሰው ሳይቀር ስለ ቃላት እያስተማርኩ አቆየዋለሁ።

ባለፈው ዓመት ዘጠነኛ ክፍል የነበረችው ልጄ ከዋጫ ከተማ ተማሪዎች ጋር ለሚደረግ የጥያቄና መልስ ውድድር ተመረጠች። ከትምህርት ቤት ስትመለስ ሱቅ ተቀምጣ ታጠና ነበር። አንድ ቀን ባዛልትንና እብነ በረድን ስታነጻጽር አገኘኋትና፣ ይሄማ የእኔ ነው ብዬ ገባሁበት። ባዛልት ለቤት መሠረት የምናስገባው ጥቁር ድንጋይ ነው፤ ከምድር ሆድ ቀልጦ ወጥቶ የረጋ፣ ገሞራ አለት። እዚህ ላይ አልተሳሳትኩም። ቀጥዬ ከመደርደሪያው ላይ የእብነ በረድ ቁራጭ አነሳሁ።

«ስሙን ስሚው እንጂ! እብን ማለት ድንጋይ፤ በረድ ደግሞ ‹በረደ› ከሚለው። ቀልጦ የበረደ ድንጋይ ነው። ሁለቱም የእሳት ልጆች ናቸው፤ አንዱ ቶሎ በረደ፣ ሌላው ቀስ ብሎ።»

«አባባ፣ መምህሩ ግን ልውጥ አለት ነው ብለውናል። የኖራ ድንጋይ ነበር፤ ሳይቀልጥ በሙቀትና በጫና…»

«መምህርሽ ግዕዝ ያውቃል?»

መጽሐፏን ከደነች። የገባት መሰለኝ።

በውድድሩ ቀን ፊተኛው ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። የልጄ ቡድን ከዋጫ ልጆች ጋር እኩል እንደሆነ የመጨረሻው ጥያቄ መጣ፤ እብነ በረድ የሚመደበው ከየትኛው የአለት ክፍል ነው? ደስታዬን መደበቅ አቃተኝ። ልጄ ማይክሮፎኑን ይዛ አየችኝ።

«ገሞራ አለት። ቀልጦ የበረደ ነው።»

«አልተመለሰም» አሉ ጠያቂው። የዋጫው ልጅ «ልውጥ! ከኖራ ድንጋይ!» ብሎ ጮኸ፤ አዳራሹም አጨበጨበ። እኔ ግን ተነስቼ ልሟገት ዳድቶኝ ነበር።

ያቆመኝ ስንወጣ የሰማሁት የቡድን ጓደኞቿ ንግግር ነው። በር ላይ ከበዋት፣ «አንቺ፣ ትናንት ልውጥ ነው ብለሽ ያስረዳሽን አንቺ አይደለሽ እንዴ?» አለቻት አንዷ። «በረድ መታት!» አለ ሌላው፤ ተሳሳቁባት። ልጄ ቦርሳዋን አንጠልጥላ ወደ እኔ መጣች።

በመንገድ ላይ «ታውቂው ነበር?» አልኳት።

«አዎ አባባ።»

«ታዲያ ምን ሆንሽ?»

«እርስዎ ፊት ለፊት ተቀምጠው ነበራ።»

ልጅ አባቱን ማክበር አለበት፤ ዛሬም አቋሜ ይኸው ነው። እኔ ግን ፍርሃት አስተምሬ አክብሮት ብዬ ጠርቼዋለሁ። የሚያውቀውን እውነት አባቱ ፊት መናገር ያልቻለ ልጅ፣ ነገ ባለሥልጣን ፊት ምን ሊናገር ነው? ይህን ለሌሎች አባቶች ስመክር ኖሬ የገዛ ቤቴን አላየሁም።

መጽሐፏን ወስጄ አነበብኩት። ባዛልት ቀልጦ የረጋ ነው፤ እብነ በረድ ግን ጠጣር እንደሆነ ነው የተለወጠው። ስሙም ከበረዶ ንጣት እንጂ ከመብረድ እንዳልመጣ የገዛ መዝገበ ቃላቴ ነገረኝ። እናቷና ወንድሞቿ ባሉበት «ተሳስቻለሁ፤ አንቺ ትክክል ነበርሽ» አልኳት። አቀረቀረች። እኔ ያፈርኩትን ያህል እሷም ያፈረች መሰለኝ።

በዚህ የሚያልቅ መስሎኝ ነበር። ሰሞኑን ሲሚንቶ ውሃ ሲነካው ለምን እንደሚጠነክር ጠየቅኳት፤ የኬሚስትሪ ትምህርቷ ስለሆነ፣ እውነትም ስለማላውቀው። ልትመልስ አፏን ከፈተች፤ ከዚያ ፊቴን አየችና ተወችው።

«እርስዎ ምን ይላሉ፣ አባባ?» አለችኝ።